ማርብል ካፕኬክ ከጓደኞች ጋር በቤት ውስጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማርብል ካፕኬክ ነጭና ቡናማ ሊጥ አንድ ላይ ዥንጉርጉር ሆኖ የሚጋገርበት ትንሽ ኬክ ነው። እዚህ የተሰጡት መጠኖች ለአዲስ አበባ የተስተካከሉ ናቸው። ቆላ ከተማ ወይም ውጭ አገር ሆናችሁ የምትጋግሩ ከሆነ ከፍታን የሚመለከተውን ጥያቄ አስቀድማችሁ አንብቡ፤ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ለ12 ካፕኬክ ምን፣ ምን ያህል ያስፈልጋል?

ለዋናው ሊጥ 190 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 130 ግራም ስኳር፣ 110 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 2 የፈረንጅ እንቁላል፣ 150 ሚሊ ሊትር ወተት፣ ከአፉ የተስተካከለ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው እና 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ቫኒላ። ለቡናማው ክፍል ደግሞ 15 ግራም ኮኮዋ (2 የሾርባ ማንኪያ ግድም)፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር እና 2 የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ።

የሐበሻ እንቁላል አነስ ስለሚል 3 ይግባ። ቫኒላው ዱቄት ከሆነ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ሲበዛ ይመራል። ሱቅ የሚሸጠው ፉርኖ ብዙውን ጊዜ ለዳቦ የሚሆን ጠንካራ ዱቄት ነው። ኬኩ ለስለስ እንዲል ከፈለጋችሁ ከ190 ግራሙ ላይ 3 የሾርባ ማንኪያ አንሱና በምትኩ 3 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ጨምሩ። በኪሎ ተለክቶ የተገዛ ዱቄት ሁለት ጊዜ ይነፋ፤ ነቀዝም ሆነ ጓል የሚታየው ያኔ ነው።

ሚዛን የለንም። በምን እንለካ?

240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ካለ ዱቄቱ አንድ ተኩል ኩባያ፣ ስኳሩ ሁለት ሦስተኛ ኩባያ፣ ወተቱ ከግማሽ ኩባያ በለጥ ብሎ ሁለት ሦስተኛ ሳይደርስ ነው። የ250 ግራም ቅቤ ለሁለት ቆርጣችሁ ከግማሹ ላይ 1 የሾርባ ማንኪያ ብታነሱ 110 ግራም ይመጣል።

ዱቄቱን በማንኪያ እየጨመራችሁ ኩባያውን ሙሉና አፉን በቢላ ጀርባ አስተካክሉ። ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ነክራችሁ ብታወጡት ዱቄቱ ይጠቀጠቅና 125 ግራም መያዝ የነበረበት 150 ይይዛል፤ ደረቅ ካፕኬክ ከሚወጣባቸው ምክንያቶች ዋናው ይህ ነው። ለቤኪንግ ፓውደር የቡና ስኒ ማንኪያ አትጠቀሙ፣ ከ5 ሚሊ ሊትር በታች ነው የሚይዘው። ከልጆች ሽሮፕ ጋር የሚመጣው 5 ሚሊ ሊትር የተጻፈበት መለኪያ፣ ታጥቦና በደንብ ደርቆ፣ ከማንኛውም የቤት ማንኪያ የተሻለ ትክክል ነው።

ንጥር ቅቤ ወይም ለጋ ቅቤ ይሆናል?

ንጥር ቅቤ አይሆንም። ኮረሪማውና በሶብላው ከቫኒላ ጋር ይጣላሉ። ለጋ ቅቤም የራሱ ጠረን አለው፣ እሳት አያጠፋውም። የገበታ ቅቤ ከጠፋ ጠረን የሌለው የምግብ ዘይት 90 ሚሊ ሊትር ተኩበት፤ ያን ጊዜ ቅቤና ስኳር መምታት ይቀርና እንቁላሉ ከስኳሩ ጋር 3 ደቂቃ ተመትቶ ዘይቱ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። የዘይቱ በማግስቱም ለስላሳ ነው፣ የቅቤው ግን ጣዕሙ ይበልጣል።

ቅደም ተከተሉ እንዴት ነው?

ኦቨኑ 20 ደቂቃ ቀድሞ በ190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይለኮስ። ወረቀቶቹ ፓትራው ላይ ይደርደሩ። ኮኮዋው፣ 1 ማንኪያ ስኳሩና ሙቅ ውሃው በትንሽ ሳህን ተበጥብጠው፣ ጓል እስኪጠፋ ከታሹ በኋላ ይቀዝቅዙ።

ቀጥሎ ቅቤና ስኳሩ ይመታሉ፤ በሚክሰር ከ4 እስከ 5 ደቂቃ፣ በእንጨት ማንኪያ 10 ደቂቃ ያህል። ቢጫው ቀለም ወደ ነጭ ሲጠጋና ሲቀል ደርሷል። ክረምት ላይ የአዲስ አበባ ወጥ ቤት ስለሚቀዘቅዝ ቅቤው ሌሊቱን ውጭ ቢያድርም ላይለሰልስ ይችላል። ሳህኑን ለብ ያለ ውሃ ላይ አስቀምጡት፤ ጣት ሲጫነው ጎድጎድ ይበል እንጂ አይቅለጥ። የቀለጠ ቅቤ አየር አይዝም።

እንቁላሉ አንድ በአንድ ይግባ። ቀዝቃዛ እንቁላል ቅቤውን ያደርቅና ድብልቁ እንደ እርጎ ይቋጠራል፤ ይህ ከገጠማችሁ 1 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ጣል አድርጉበት፣ ይመለሳል። ዱቄት፣ ቤኪንግ ፓውደርና ጨው አብረው ተነፍተው በሦስት ጊዜ፣ ወተቱ በመሃል በመሃል በሁለት ጊዜ ይጨመራል። ከዚህ ወዲያ ሚክሰሩ ይቁም። በስፓቱላ ከሥር ወደ ላይ እየገለበጣችሁ ነጭ ዱቄት ሲጠፋ ተዉት፤ ብዙ የተማሰለ ሊጥ ጎማ ይሆናል፣ ውስጡም ወደ ላይ የሚወጡ ረጃጅም ቀዳዳዎች ያወጣል።

ኢንተርኔት ላይ ያለውን አሠራር ሳንጨምር ሳንቀንስ ተከተልን፤ ኩፍ ካለ በኋላ መሃሉ ሰመጠ። ለምን?

አሠራሩ የተጻፈው በባሕር ጠለል ደረጃ ለሚኖር ሰው ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ትገኛለች። እዚህ የአየሩ ግፊት በሩብ ገደማ ያነሰ ስለሆነ ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣውን ጋዝ የሚጫነው ኃይል ያንሳል፤ ያው አንድ አረፋ በሲሶ ያህል ይበልጥ ይነፋል። ሊጡ ሳይበስልና ግድግዳው ሳይጠነክር አረፋው ይፈነዳል፣ ጫፉ ይቆምና መሃሉ ይወርዳል። በዚያ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ እርጥበት ቶሎ ይተናል። ውሃው ሲሄድ ስኳሩ ይከማቻል፤ የተከማቸ ስኳር ደግሞ ሊጡ እንዳይረጋ ያዘገያል፣ ከላይም የሚያጣብቅ ቅርፊት ይሠራል።

መፍትሔው አራት ነገር መንካት ነው። ቤኪንግ ፓውደሩን ከሩብ እስከ ሲሶ ቀንሱ፤ አሠራሩ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ካለ አንድ አድርጉት። ከየኩባያው ስኳር 2 የሾርባ ማንኪያ አንሱ። ፈሳሹን ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ። የኦቨኑን ሙቀት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ከፍ አድርጋችሁ ከጊዜው ላይ ጥቂት ደቂቃ ቀንሱ። አንዱን ብቻ መንካት ካለባችሁ ቤኪንግ ፓውደሩ ይሁን። ብዙዎች ኬኩ ሲሰምጥባቸው በሚቀጥለው ጊዜ ይጨምሩበታል፤ ያ ማለት ችግሩን ማባባስ ነው።

ጎንደርና መቀሌ 2,100 ሜትር አካባቢ ስለሆኑ እዚህ ያለው መጠን እንዳለ ይሠራላቸዋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ በመሆኗ ቤኪንግ ፓውደሩ ወደ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ይውረድ። ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና አዳማ ከ1,700 እስከ 1,800 ሜትር ውስጥ ናቸው፤ እዚያ 1 ማንኪያ ከሩብ ይበቃል። ድሬዳዋ ከወረዳችሁ አንድ ተኩል ማንኪያ፣ ስኳሩም 140 ግራም ቢሆን ችግር የለም።

ከአዲስ አበባ የወሰድነው አሠራር ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላይ ድፍን ሆነብን። ምን እናድርግ?

ተቃራኒውን። ቤኪንግ ፓውደር አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ ስኳር 150 ግራም፣ ዱቄት 180 ግራም፣ ወተት 120 ሚሊ ሊትር፣ ኦቨኑ 175 ዲግሪ፣ ጊዜው ከ18 እስከ 20 ደቂቃ። የአሜሪካ ኦቨን በፋራናይት ስለሆነ 350 ላይ አድርጉት። ጀርመንና እስራኤል ያላችሁ ደግሞ «አንድ ከረጢት ቤኪንግ ፓውደር» የሚል አሠራር ሲያጋጥማችሁ ከረጢቱ እኩል እንዳይመስላችሁ። የጀርመኑ 15 ግራም ገደማ ይዞ ለ500 ግራም ዱቄት የታሰበ ነው፣ የእስራኤሉ 10 ግራም ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ከ4 እስከ 5 ግራም ይመዝናል።

ሁለቱ ቀለሞች ሳይዋሃዱ ዥንጉርጉር የሚሆኑት እንዴት ነው?

ዋናው ነገር ውፍረት ነው። ሁለቱ ሊጦች እኩል ካልወፈሩ ወፍራሙ ሥር ይቀመጣል፣ ቀጭኑ ዙሪያውን ይፈሳል፣ ኬኩ ሲቆረጥ መስመር ሳይሆን አንድ ጥቁር ጓል ይታያል። ኮኮዋ ውሃ ይጠጣል፤ ደረቁን ዱቄት ሊጡ ላይ ብትነሰንሱት ቡናማው ክፍል ወዲያው ይጠጥራል። አስቀድሞ በሙቅ ውሃ የሚበጠበጠው ለዚህ ነው። ሁለቱንም በማንኪያ አንሥታችሁ አዘንብሏቸው፤ በአንድ ፍጥነት መውደቅ አለባቸው። ቡናማው ከዘገየ 1 የሻይ ማንኪያ ወተት ጠብ አድርጉበት።

አከፋፈሉ እኩል አይሁን። ከሊጡ 400 ግራም ያህል ነጭ ሆኖ ይቅር፣ ቀሪው 280 ግራም ገደማ ከኮኮዋው ጋር ይዋሃድ። የኮኮዋው ብጥብጥ ሲጨመርበት ይጠጋጋሉ፣ ቡናማው ደግሞ በቀለምም በጣዕምም ኃይለኛ ስለሆነ አንሶም ይታያል።

አሞላሉ እንዲህ ነው። በሁለት የሻይ ማንኪያ፣ አንዱ ለነጭ አንዱ ለቡናማ፣ መጀመሪያ ነጭ ጣል፣ በጎኑ ቡናማ፣ ከላያቸው አሰላለፉ ተገልብጦ ቡናማ በነጩ ላይ፣ ነጭ በቡናማው ላይ። ወረቀቱ ከግማሽ ትንሽ ያልፍ፣ ሁለት ሦስተኛ ሳይበልጥ፤ በሚዛን 60 ግራም ያህል ነው። ከዚያ ስቴኪኒውን ቀጥ አድርጋችሁ እስከ ወረቀቱ ሥር አስገቡ። ሥር መድረሱ ወሳኝ ነው፣ አለዚያ ከላይ አምሮ ውስጡ ለሁለት የተከፈለ ይሆናል። አንድ ጊዜ ክብ፣ አንድ ጊዜ የስምንት ቁጥር ቅርጽ፣ ከዚያ ቀጥ ብላችሁ አውጡት። በቃ። ሊጡ ገና ጥሬ እያለ መስመሩ ያነሰ ይመስላል፤ ኦቨን ውስጥ ሲነፋ ራሱ ይሰፋል። እጅ እየበላ አምስተኛና ስድስተኛ ዙር የተጨመረበት ሁሉ የማኪያቶ ቀለም ይዞ ይወጣል።

ስቴኪኒ ቀጭን ክር የሚመስል መስመር ይሰጣል። የሻይ ማንኪያ እጀታ ሰፋ ያለ ጥለት ያወጣል፣ በአንድ ዙር ግን ይበቃዋል። በየካፕኬኩ መካከል ስቴኪኒውን በሶፍት ጥረጉት፤ ያልተጠረገ እንጨት ነጩን ያቆሽሻል።

የሚጠጣ ቸኮሌት ዱቄት በኮኮዋ ምትክ ይሆናል?

አይሆንም። አብዛኛው ስኳርና ወተት ስለሆነ ቀለሙ ገርጥቶ ይቀራል፣ ሊጡም ይጣፍጣል። ጀርባው ላይ የተዘረዘረውን አንብቡ፤ ኮኮዋ ብቻ መሆን አለበት።

ኮኮዋ ጨርሶ ካልተገኘስ?

ማርብል ኬክ ከጀርመን የመጣ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አሜሪካ ሲሻገር ጥቁሩ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚሠራው በሞላሰስና በቅመም ነበር፣ ቸኮሌቱ የተስፋፋው ቆይቶ ነው። ስለዚህ ኮኮዋ አለመኖሩ ከመጋገር አያግድም። ለቡናማው ክፍል 2 የሾርባ ማንኪያ ቡናማ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ፣ ጫፍ የምታህል ቅርንፉድ እና 1 የሾርባ ማንኪያ ወፍራም ቡና አዋህዱ። ቀለሙ ፈዘዝ ይላል፣ ጣዕሙ ግን ከሻይ ጋር ልክ ነው።

ቡና ካነሣን አይቀር፣ ኮኮዋም ሲኖር የሙቅ ውሃውን ቦታ የጀበና ቡና ቢይዘው ይመረጣል። የመጀመሪያው አቦል፣ አተላው በደንብ ከጠለለ በኋላ። የቸኮሌቱን ጣዕም ያጎላዋል እንጂ የቡና ጣዕም ጎልቶ አይወጣም። የተፈጨ ቡና በቀጥታ ሊጥ ውስጥ አይግባ፤ ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ይቀራል።

ስንት ሆነን ብንሠራ ይመቻል? ሥራውንስ እንዴት እንካፈል?

ለአንድ ፓትራ አራት ሰው ልክ ነው። ከዚያ ሲበዛ ሁሉም ሊጡን ማማሰል ይፈልጋል፣ ሊጡ ደግሞ ብዙ እጅ አይወድም።

አንዱ ኦቨኑን፣ ወረቀቱንና ሰዓቱን ይያዝ፤ ኦቨን የመክፈት ሥልጣን የእሱ ብቻ ይሁን። ሁለተኛው ቅቤ፣ ስኳርና እንቁላል ይምታ። ሦስተኛው ደረቁን ይለካ፣ ይንፋ፣ ኮኮዋውን ይበጥብጥ። አራተኛው እንቁላል ይስበር፣ ወተት ይለካ፣ የሚታጠበውን እየተከተለ ይጠብ። ሲሞላ ግን ምድቡ ይቀየራል፤ አንዱ ነጭ ብቻ፣ አንዱ ቡናማ ብቻ ያስገባል፣ ሦስተኛው ከኋላ እየተከተለ ያዞራል። አንድ ሰው አስራ ሁለቱንም ቢያዞር ሁሉም ይመሳሰላሉ። መዝናናቱ ከበለጠባችሁ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ያዙር፤ ከኦቨን ሲወጡ የማን የትኛው እንደሆነ ያለ ምልክት ይታወቃል።

ከመለካት እስከ መቅመስ አንድ ሰዓት ተኩል ያዙ። ፈሳሹና ዱቄቱ ከተገናኙ ወዲህ ሊጡ ከ20 ደቂቃ በላይ ባይቆይ ይመረጣል፣ ስለዚህ ወሬው ከዚያ በፊት ወይም ከዚያ በኋላ ይሁን። 24 ከፈለጋችሁ ሁለት ጊዜ ለኩ፤ የሁለተኛውን ዙር ዱቄት የምትቀላቅሉት የመጀመሪያው ፓትራ ኦቨን ሲገባ ነው።

ከመካከላችን ጾመኛ አለ። የጾም አሠራሩ እንዴት ነው?

190 ግራም ዱቄት፣ 120 ግራም ስኳር፣ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 75 ሚሊ ሊትር ዘይት (5 የሾርባ ማንኪያ)፣ 220 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ቫኒላ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ። ለቡናማው 2 የሾርባ ማንኪያ ኮኮዋ በ2 ማንኪያ ሙቅ ውሃ። ውሃውን የሱፍ ውሃ ቢተካው ጥሩ የለውዝነት ጣዕም ይሰጠዋል።

እዚህ የሚያነሣው አቼቶውና ሶዳው ሲገናኙ የሚፈጠረው ጋዝ ነው፣ ጋዙም ወዲያው መውጣት ይጀምራል። ስለዚህ ኦቨኑ ግሎ፣ ወረቀቱ ተደርድሮ፣ ኮኮዋው ተበጥብጦ ሁሉም ዝግጁ ከሆነ በኋላ አቼቶው በመጨረሻ ይግባ፤ 10 ጊዜ ያህል ተማስሎ፣ ተከፍሎ፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ ኦቨን ይድረስ። ሊጡ ከፍስኩ ይቀጥናልና አንድ ዙር ብቻ አዙሩት። የአቼቶው ሽታ ሲበስል ይጠፋል። ሶዳ ግን ከተባለው ቢያልፍ ሳሙና ሳሙና ይላል።

የጾሙና የፍስኩ በአንድ ቀን ከተሠሩ የጾሙ ይቅደም፤ ሳህኑም መምቻውም ቅቤና እንቁላል ሳይነካቸው። ማርጋሪን የምትጠቀሙ ከሆነ ወተት የሌለበት መሆኑን ማሸጊያው ላይ አረጋግጡ። ሙስሊም ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ሁለት ነገር እዩ፤ ፈሳሽ ቫኒላ አልኮል ሊኖረው ይችላል፣ ከላይ የሚነሰነሱ ማጌጫዎችም ጄላቲን። ዱቄት ቫኒላ የመጀመሪያውን ችግር ይፈታል።

ኦቨኑ ሥሩን ያሳርራል፣ ላዩን አያበስልም። ምን ይሻላል?

የጋዝ ኦቨን እሳቱ ከሥር ነው። ፓትራውን መሃል ወይም ከመሃል አንድ ደረጃ ከፍ ባለው መደርደሪያ አድርጉ፣ ከታችኛው ላይ ባዶ ፓትራ አስገቡ። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ትናንሽ የኤሌክትሪክ ኦቨኖች ተቃራኒ ናቸው፤ የላዩ ሽቦ ቅርብ ስለሆነ 13ኛው ደቂቃ ላይ በፎይል መሸፈን ይፈልጋሉ። ማዞሪያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሙሉ በሙሉ አትመኑ። ኦቨን ውስጥ የሚንጠለጠል ቴርሞሜትር ካገኛችሁ ግዙ፣ 20 ዲግሪ የሚዋሽ ኦቨን ብርቅ አይደለም።

መብሰሉ በምን ይታወቃል?

ከ16 እስከ 18 ደቂቃ። መሃሉን በጣት ስትነኩት ከተመለሰ ደርሷል። ስቴኪኒ ሲከተት ርጥብ ሊጥ ይዞ ካልወጣ ጥሩ ነው፣ ፍርፋሪ ቢይዝ አይጎዳም። ፈተናው ነጩ ክፍል ላይ ይሁን፤ ቡናማው በቀለሙ ያታልላል። ከ13ኛው ደቂቃ በፊት በሩ አይከፈት።

ኦቨን የለንም። በድስት ይሠራል?

ይሠራል፣ ትዕግሥት ካለ። ወፍራም ትልቅ ድስት ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨው አንጥፉ፣ ከላዩ የብረት ማስቀመጫ ወይም የተገለበጠ ሳህን አድርጉ፣ ከድናችሁ መካከለኛ እሳት ላይ 10 ደቂቃ አሙቁት። ክዳኑን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልሉና ጫፎቹን ወደ ላይ ቋጥሯቸው፤ ያለዚያ የእንፋሎቱ ጠብታ ጥለቱን ይበሳዋል። የፎጣው ጫፍ ወደ እሳቱ እንዳይወርድ ተጠንቀቁ። ካፕኬኮቹን በብረት ቅርጻቸው አስገብታችሁ በዝቅተኛ እሳት ከ25 እስከ 30 ደቂቃ። ላዩ አይቀላም፣ ለማርብል ግን ይህ ጉዳት አይደለም፤ እንዲያውም ነጩና ቡናማው በደንብ ይለያሉ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ መሞከር የሚፈልጉ አሉ። ለድፎ ዳቦ ጥሩ ነው፣ ለካፕኬክ አይመከርም፤ ሥሩ ሲያር ላዩ ገና ሊጥ ነው።

መሃል ላይ መብራት ቢጠፋስ?

በሩን አትክፈቱ። ካፕኬኮቹ 12 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከቆዩ ኦቨኑ የያዘው ሙቀት ሊጨርሳቸው ይችላል፤ 10 ደቂቃ ተጨማሪ ስጧቸው። 8 ደቂቃ ሳይሞላ ከጠፋ መስመጣቸው አይቀርም፣ ቆራርጣችሁ በወተት ወይም በክሬም ብሉት። ገና ያልገባ የቤኪንግ ፓውደር ሊጥ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይታገሣል። የሶዳና የአቼቶው አይታገሥም። መብራት በፈረቃ በሚሄድበት ሰፈር ዱቄቱ ከፈሳሹ ጋር ሳይገናኝ መጠበቅ ነው የሚያዋጣው፤ ቅቤው ተመትቶ፣ ዱቄቱ ተነፍቶ ለየብቻ ቢቀመጡ ምንም አይሆኑም።

ላዩ እንደ ተራራ ሾሎ ተሰነጠቀ።

ኦቨኑ ከመጠን በላይ ግሏል፣ ወይም ሊጡ ብዙ ተማስሏል። ዳሩ ቀድሞ ሲደርቅ መሃሉ መውጫ ያጣና ይፈነዳል። 10 ዲግሪ ቀንሱ።

ወረቀቱ ኬኩን ይዞት ይመጣል፣ ወይም ከኬኩ ይለቃል።

የሚይዘው በትኩሱ ሲላጥ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የጾሙ ወተትና እንቁላል ስለሌለው ይበልጥ ይይዛል፣ ለእሱ አንድ ሰዓት። የሚለቀው ደግሞ ከበሰለ በኋላ ፓትራው ውስጥ ተትቶ በራሱ እንፋሎት ሲርስ ነው። ከ5 ደቂቃ በኋላ አውጡና አየር በሚያገኝበት ሽቦ ላይ ደርድሩ።

በኮኮዋ ፋንታ ለልደት በቀለም ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል። ጄል ቀለም ይሻላል፣ ፈሳሹ ሊጡን ያቀጥናል። ቀይና ቢጫ አያስቸግሩም። ሰማያዊ ግን ከእንቁላሉ አስኳል ቢጫነት ጋር ሲገናኝ አረንጓዴ ይሆናል፤ እውነተኛ ሰማያዊ ከተፈለገ በ2ቱ እንቁላል ቦታ የ3 እንቁላል ነጩን ብቻ ተጠቀሙ። ከሦስት ቀለም አትለፉ፤ አራተኛው ሲገባ መሃል ላይ ቡላ ቀለም ይወጣል።

ክሬም እንቀባው?

ጥለቱን ለማየት የተደከመበትን ኬክ በክሬም መሸፈን አይገባንም። ካስፈለገ 100 ግራም የዱቄት ስኳር በ1 የሾርባ ማንኪያ ወተት በጥብጣችሁ በማንኪያ ጫፍ ቀጭን መስመር አንጠባጥቡበት።

ስንት ቀን ይቆያል? ሌላ ቤት እንዴት ይወሰዳል?

አየር በማያስገባ ዕቃ ከ2 እስከ 3 ቀን፣ የዘይቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ፍሪጅ ውስጥ አይግባ፣ እዚያ ይበልጥ ይደርቃል። በበጋው ደረቅ አየር ክፍት ጠረጴዛ ላይ ያደረ ካፕኬክ ጠዋት ላይ ዳሩ ብስኩት ሆኖ ይገኛል፤ እንግዳ እስኪመጣ ድረስ ክዳን ይደረግበት። ፍሪዘር ውስጥ ግን በፌስታል አየሩ ወጥቶ ከታሰረ ሁለት ወር ይቆያል፣ ውጭ አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀመጥ ይመለሳል።

በታክሲ የምትወስዱ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዙ በኋላ እዚያው የተጋገሩበት ፓትራ ጉድጓድ ውስጥ መልሳችሁ፣ በፎይል ሸፍናችሁ ያዙ። ካርቶን ውስጥ ከሆነ ክፍተቱን በሶፍት ሙሉት። ትኩሱን አትክደኑ፤ ላቡ ላዩን ያጣብቀዋል።